የፓፓያው ክር

ድሬ፣ ከቀትር በኋላ፤ ጥላ ራሱ ጥላ ሲሻ፣
ከከዚራ ዛፎች ወዲያ፣ ካሮጌው ሐዲድ መዳረሻ፣
ዘጠነኛ «ሐ»፣ ስልሳ ሦስት ሆነን
በአንድ ቆርቆሮ ሥር
እንደ ሽንብራ ተቆልተን።

ያምናው መምህር ጀርባው ለኛ፣ ፊቱ ለሰሌዳ፤
«ሴል ማለት...» ሲል ጠመኔው ያልቃል፤ እኛም ባዳ፣ ሴሉም ባዳ።
ጻፍነው፤ ሸመደድነው፤
ከፈተናው በር ስንወጣ
እንደ ግንባር ላብ ጠርገን ጣልነው።

ዘንድሮ ኢፍቱ አብዶሽ መጣች።
«የላብራቶሪው ቁልፍ ከጠፋ ቆየ» ሲሏት፣
«ድስት ካለ ላብራቶሪ አለ» ብላ ዘንቢል ያነሣች ናት።

«ፈርዶስ፣ እናትሽ ፓፓያ ትሸጣለች አሉ ቀፊራ፤
የላላውን፣ ደንበኛ የናቀውን አምጪልኝ፣ አደራ።»
እናቴ ሚዛኗ እስኪወዛወዝ ሳቀች፤
«ልታስተምር ነው ወይስ ጁስ ቤት ልትከፍት?» አለች።
ግን ሁለት ሰጠችኝ፤ አንዱ የበሰለ፣ የሚበላ፤
«ይሄን ራሷ ትብላ።»

ረምዚ ካጎቱ ፋርማሲ አልኮል ይዟል፤
ከአይስክሬም ሻጩ ሳጥን፣ በረዶ መሐል አድሯል።
ቦንሳ ጨው፣ ሚኪያስ ብርጭቆ፣ አያን አሮጌ ሻሽ ቀድዳ፤
ክፍሉ ገበያ መሰለ፤
ዛሬስ ሰሌዳው ሆነ ባዳ።

«ጨፍልቁት» አለች። እጃችን ብርቱካን ሆነ።
«ሳሙና ጨምሩ። ለምን?» ክፍሉ በዝምታ ታፈነ።
«ትናንት ማታ ድስት ያጠበ?» ሃያ ጣት ተንጣጣ።
«ቅባቱን ምን አስለቀቀው?»
«ሳሙና!»
«የሴልም ልብሱ ቅባት ነው፤ አውልቁት፣ የውስጡ ይምጣ።»

በሻሹ አጠለልነው፤ ጠብ፣ ጠብ።
ከዚያ እሷ፣ በብርጭቆው ጎን፣
የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ
አንሶላ እንደሚስብ ሰው፣
ቀዝቃዛውን አልኮል አወረደችው።

ስልሳ ሦስት ትንፋሽ ቆመ።
ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ።
መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ ጉም።
ቀጥሎ፣ ከብርቱካኑ በላይ፣
ነጭ፣ ቀጭን፣ እየተንሳፈፈ የሚወጣ ክር።

«ንፍጥ ይመስላል!» አለ ቦንሳ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናደ።
እሷም ሳቀች፤ «ይምሰል፤ ይሄ ንፍጥ ነው
ፓፓያው ሎሚ እንዳይሆን የፈረደ።»

ይሄኔ በሩ ተበረገደ፤ ርእሰ መምህሩ አቶ ደምረው፣
አፍንጫቸው ቀድሟቸው፤
«ክፍሉ አረቄ አረቄ ይላል! ምንድን ነው የምታስተምሪው?»
መልስ አልሰጠችም፤ በስንጥር የጠቀለለችውን
ወደ ዓይናቸው አስጠጋችው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ አደረጉ፤ ደግመው አወለቁ።
«ዘረመል?» አሉ፣ እንደ ሹክሹክታ።
«ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩት፤
አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።»
ወንበር ሳቡና ከኛ ጋር ተደባለቁ።

ሚኪያስ ነው የጠየቀው፤ «ቲቸር፣ የሰውስ ዘር?
የኔም፣ የአያንም፣ የረምዚም እንዲህ ነው?»
ዘር የሚለው ቃል ክፍሉን ዞረ፤
ከጓሮ ያመጣነው፣ ከሰፈር የሰማነው ዘር።
አልመከረችንም።
«ነገ ከጉንጫችሁ እናወጣለን፤
ጨው ውሃ ተጉመጥመጡ፣ ብርጭቆ ላይ ስም አትጻፉ፤
የራሱን ለይቶ ያወቀ
ከኔ አንድ ብርቱካን ያገኛል።»

(ብርቱካኗን ማንም አልበላትም።)

የበሰለውን ፓፓያ ለስልሳ አምስት ቆራረጥነው፤
ለያንዳንዱ የጥፍር ያህል ደረሰው።

ማታ ሰሃን ሳጥብ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት።
«ክር?» አለች። «ክር» አልኳት።
ዝም አለች፤ ሒሳብ የምትሠራበት ዝምታ።

በነጋታው ቀፊራ አንድ ደንበኛ ዋጋ አወረደ፤
ፓፓያዋን ከእጁ ነጠቀችው፣ ወደ ፀሐይ አነሣችው፤
«ወንድሜ፣ ፍሬ ብቻ አይምሰልህ፤
ውስጡ ስንት ክር ተፈትሏል፣
ልጄ በዓይኗ አይታዋለች።
አምስት ብር ጨምር።»